ሁዱ ያበራል፣ ጉዱ ከላይ ነው

ሀዋሳ ውስጥ አሳ ጥብስ የማይሸጥ ምግብ ቤት የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። አሞራ ገደል በሉት ፒያሳ፣ አቶቴ በሉት ታቦር ስር፣ ቆሮሶው ይተለተላል ዘይት ውስጥ ይገባል በዳጣ ይቀርባል ሰውም ጣቱን ልሶ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ጥሩ ነው፣ እኔም አንዱ በላተኛ ነኝ። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጨረጨር የሚውለው ዘይት ሁሉም አሳው ላይ አይቀርም፣ ሁሉም መጥበሻው ውስጥም አይቀርም፣ የተወሰነው ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል። እኔ እንጀራዬን የምበላው ከዚች ወደ ላይ ከምትሄደዋ ነው።

ስራዬ የሆቴልና የምግብ ቤት ሁድ፣ የኪችን ጭስ መሳቢያ ማለት ነው፣ ማፅዳት ነው። እናቴ እስካሁን ለጎረቤት "ሆቴል ነው የሚሰራው" ነው የምትለው፣ ታዲያ ለምንድነው ጠዋት ጠዋት ጠቁሮ የሚመጣው ሲሏት ወሬ ትቀይራለች። ሁድ ስል ደሞ ምድጃው ላይ የተሰቀለውን ላሜራ ብቻ ማለቴ አይደለም። ከሱ ይጀምራል፣ ፊልተሮቹ አሉ፣ ከፊልተሮቹ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፣ ከዛ ዳክቱ፣ የጭሱ ቱቦ ማለት ነው፣ በግድግዳው ወይ በኮርኒሱ አልፎ ጣራ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ጭሱን የሚስበው ፋን አለ። ባለቤቶች የሚያዩት የመጀመሪያውን ነው። እሳቱ የሚወደው ደግሞ የቀሩትን ነው፣ ዛሬ የምፅፈውም ስለዚህ ነው።

በየሆቴሉ አንድ አይነት ወሬ ነው የሚገጥመኝ። በቅርቡ የሄድኩበት ቤት ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ኪችናቸው እውነትም ንፁህ ነው፣ ወለሉ ታጥቦ ስቲሉ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ገና ከመግባቴ "ይሄ ምኑ ይፀዳል ልጄ፣ ፊትህን አታይበትም እንዴ?" አሉኝ።

"ያበራል ጋሼ፣ አልዋሽም። አንድ ፊልተር ላውጣና አንዴ ይዩት፣ ካልተመቸዎት እሄዳለሁ።"

"አውጣታ።"

አወጣሁና ባትሪዬን አብርቼ ሰጠኋቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩ፣ ምንም አልተናገሩም። ከዛ ስክሬፐሬን ወደ ውስጥ ሰድጄ አንዴ ሳብ ሳደርገው ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ጥቁር ቅባት ተልጦ ምድጃው ላይ ዷ አለ። ላዩ የደረቀ ነው፣ ስሩ ግን ገና እርጥብ ቡናማ ነው፣ የድሮ ዘይት ሽታ አለው፣ በጣታችሁ ስትነኩት እየተሳበ ይመጣል አይለቅም። "ይሄ ከኔ ቤት ነው?" አሉ። ሼፏ ከጎናቸው ቆማ "ጋሼ እኔማ ስንቴ ተናገርኩ" አለች ቀስ ብላ። እሳቸውም ሰምተዋታል፣ ግን መስማት ለሚፈልጉት ብቻ ነበር መልስ የሰጡት፣ "ስንት ትላለህ?" ወደሚለው ዘለሉ።

እንግዲህ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሰራ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ከገባን በኋላ ነው የምንፈራው። ፋኑ አየሩን ወደ ላይ ይስባል፣ ቅባት ያዘለው እንፋሎት ፊልተሩ ጋ ሲደርስ የፊልተሩ ላሜራዎች ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ ያስገድዱታል፣ አየሩ በቀላሉ ይታጠፋል፣ የዘይት ጠብታው ግን ክብደት ስላለው መታጠፍ ያቅተውና ላሜራው ላይ ይለጠፋል። ከዛ ተንጠባጥቦ ከስር ባለችው አሸንዳ አድርጎ ወደ ማጠራቀሚያ ኩባያው ይወርዳል። ባፍል ፊልተር የሚባለው ይሄ ነው፣ ከአግድም ቢያንስ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ከተኛ ቅባቱ ሳይወርድ እዛው ይቀራል ወይ መጥበሻው ላይ መልሶ ይንጠባጠባል። ብዙ ቤት የማየው ግን እንደዚህ አይነት አይደለም፣ ሽቦ መረብ ነገር ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። መረቡ ቅባቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ ይደፈናል፣ ሲደፈን ጭሱ ወደ ኪችኑ ይመለሳል፣ ኩኮቹ አይናቸው ሲቃጠል ፊልተሩን አውልቀው ጥግ ያስቀምጡታል። በቃ ከዛ በኋላ ቅባቱ ቀጥታ ዳክት ውስጥ ነው። ያለ ፊልተር ምድጃ ማብራት ማለት ዳክቱን በገዛ እጅ ዘይት መቀባት ነው፣ እኔ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ከቆሸሸ ዳክት ይልቅ።

አሳ ቤት ከሆነ ፊልተር በየቀኑ ማታ መታጠብ አለበት፣ ሙቅ ውሃና ላርጎ ይበቃዋል፣ የሚጠይቀው የአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው። ጭሱ አልሳብ ካለ ደሞ ሁሌ ፋኑ አይደለም ጥፋተኛው። ኪችኑ በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ፋኑ የሚያወጣውን አየር የሚተካ አየር ከየት ይመጣል? በሩን ገርበብ አድርጉና እዩት፣ አንዳንዴ ያኔውኑ መሳብ ይጀምራል።

አሁን እሳቱ ጋ እንምጣ። የምግብ ዘይት 200 ዲግሪን አለፍ ሲል መጨስ ይጀምራል፣ 350 እና 400 ዲግሪ መሀል ሲደርስ ደግሞ ክብሪት አይፈልግም ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። መጥበሻ ረስቶ ስልክ ያነሳ ኩክ ለዚህ በቂ ነው። ነበልባሉ ተነስቶ ፊልተሩን ይልሳል፣ ፊልተሩ ቅባት ካለው ይቀጣጠላል፣ ፋኑ ደግሞ ስራው መሳብ ስለሆነ እሳቱን ወደ ዳክቱ ይስበዋል። ዳክቱ ውስጥ ያ ጣት የሚያክለው ቅባት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለጥፎ እየጠበቀ ነው፣ ቱቦው ቆሞ ስለሚሄድ እሳቱ ራሱ አየር እየሳበ ይቀጥላል፣ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሊሄድ ይችላል። ከታች ያሉት ሰዎች መጥበሻውን ከድነው "ተመስገን ጠፋ" ሲሉ ከላይ ኮርኒሱ ውስጥ እየነደደ ሊሆን ይችላል።

ኮርኒስ ስል፣ የኛ ሀገር ግንባታ ላይ ቆም ልበል። ዳክቱ የሚያልፈው በምን ውስጥ እንደሆነ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። አሮጌ ቤት ተከራይቶ ወደ ምግብ ቤት የተቀየረ ብዙ አለ፣ ኮርኒሱ ችፑድ ነው፣ ማገሩ ባህር ዛፍ ነው፣ ላሜራው ቱቦ ደግሞ እንጨቱን ተደግፎ ነው የሚያልፈው። የአሜሪካኖቹ ኤንኤፍፒኤ 96 የሚባለው የኪችን ጭስና እሳት ስታንዳርድ መከላከያ ያልተሰራለት ዳክት ከሚቃጠል ነገር 18 ኢንች ማለትም ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ይላል። ላሜራውም ተራ ብረት ከሆነ ወደ 1.4 ሚሊ፣ ስቴንለስ ከሆነ ከ1 ሚሊ ትንሽ በለጥ ያለ ውፍረት ይኑረው፣ መገጣጠሚያው ፈሳሽ እንዳያሳልፍ በብየዳ ይዘጋ ይላል። እኛ ጋ ብረት ቤት ወስደን የምናሰራው ቀጭን ላሜራ ነው፣ በሪቬት ተመቶ በሲልከን ይታሸጋል፣ በየመገጣጠሚያው ቅባት ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ስታዩ ዝናብ ያስገባ ጣራ እንዳይመስላችሁ። ፋኑም መታጠቢያ ቤት ላይ የሚገጠመው አይነት ሆኖ ሞተሩ ቅባታም አየሩ መሀል ተቀምጦ ሲሰራ አይቻለሁ፣ ሞተሩ ከአየሩ መንገድ ውጪ ነው መሆን ያለበት። የብረት ቤት ልጆቹን አልወቅስም፣ የታዘዙትን ነው የሚሰሩት፣ ያዘዛቸው ሰው ግን ዳክቱ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ሁሉ የሚከፈት በር እንዲሰሩለት ቢነግራቸው ኖሮ እኔ ዛሬ የቱቦው መታጠፊያ ክርን ላይ የተቀረቀረ ቅባት በሽቦ አልቆፍርም ነበር።

ይሄ ስታንዳርድ የኛ ሀገር ህግ አይደለም፣ ይሄን በግልፅ ልናገር፣ አንዳንድ የኔ ሙያ ሰዎች "ህጉ ያስገድዳል" እያሉ ባለቤት ሲያስፈራሩ እሰማለሁ፣ ደስ አይለኝም። የኛ ህግ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ለምሳሌ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሰሪው የሰራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፣ ኩኳ ከሁዱ ስር የምትቆመው በዚህ ህግ ስር ነው። የእሳት ኢንሹራንስ ያላችሁ ደሞ ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና ጥንቃቄ የሚለውን ክፍል አንብቡት፣ እስካሁን አንብቤዋለሁ ያለኝ ባለቤት አላጋጠመኝም። ኤንኤፍፒኤ 96ን የምጠቀምበት ግልፅ ቁጥር ስለሚሰጥ ነው፣ "ቆሽሿል አልቆሸሸም" የሚለውን ክርክር ይዘጋል።

ቁጥሩ ይሄ ነው። ከሰል ወይ እንጨት የሚነድበት ኪችን በየወሩ ይታያል። 24 ሰዓት የሚሰራ ወይም ሲጠብስ የሚውል በየ3 ወሩ። መካከለኛ ስራ ያለው በየ6 ወሩ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚበስልበት፣ የስብሰባ አዳራሽ ምናምን፣ በአመት አንዴ። ይታያል ነው ያልኩት፣ ታይቶ ከቆሸሸ ይፀዳል። ቆሸሸ የሚባለውም በማበጠሪያ በመሰለች ጥርሳም መለኪያ ቅባቱ ተለክቶ ነው፣ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይፀዳል፣ የፋኑ ቤት ላይ 3 ሚሊ ገደማ ነው። ሲፀዳ ደሞ እስከ ብረቱ ድረስ ነው፣ ብረቱ መታየት አለበት። ጣት የሚያክለውን እንግዲህ እናንተው አስሉት።

እዚህ ጋ ሀዋሳን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሸክላ ጥብስና አሳ አንድ ላይ የሚሸጥ ቤት ቦታ ለመቆጠብ ከሰሉንም የዘይት መጥበሻውንም አንድ ሁድ ስር ያስቀምጣል። ከሰሉ ፍንጣሪ ይልካል፣ ዘይቱ ቅባት ይልካል፣ ሁለቱ ዳክት ውስጥ ይገናኛሉ። የከሰሉ መውጫ ለብቻው መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ቢያንስ ከሰሉን ውጪ በረንዳ ላይ አውጡት፣ ሽታው ደንበኛም ይጠራል።

ስራው ራሱ ማታ ነው የሚሰራው፣ የመጨረሻው ደንበኛ ወጥቶ 5 ሰዓት አካባቢ ኪችኑ ሲዘጋ እንገባለን። መጀመሪያ ጋዙ ከሲሊንደሩ ይዘጋል፣ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ከዛ የፋኑ ብሬከር ይጠፋና እላዩ ላይ "ሰው አለ፣ አትንኩ" የሚል ወረቀት እንለጥፋለን፣ ምክንያቱም ከእኛ ልጆች አንዱ ጣራ ላይ እጁ ፋን ውስጥ እያለ አንድ የጥበቃ ሰራተኛ "መብራት ጠፋ እንዴ" ብሎ ብሬከር ቢያነሳ ጣት የለም። ምድጃዎቹ በላስቲክ ይሸፈናሉ፣ ሁዱ ዙሪያ ላስቲክ እንደ ቀሚስ ይታሰርና ጫፉ በርሜል ውስጥ ይገባል። ከዛ በደረቁ መፋቅ ነው። ጀማሪ ሁሉ ቶሎ ኬሚካል መርጨት ይፈልጋል፣ ተሳስቷል፣ በደረቁ የተፋቀ ቅባት በጆንያ ይወጣል፣ በኬሚካል የቀለጠ ግን ፈሳሽ ሆኖ የት እንደሚገባ አይታወቅም። መፋቁ ካለቀ በኋላ ነው ኬሚካሉ፣ ሙቅ ውሃው፣ እንደገና መፋቅ፣ እንደገና ውሃ። ጣራ ላይ ደሞ ፋኑ ተከፍቶ ክንፎቹ አንድ በአንድ ይፋቃሉ፣ ክንፍ ላይ ያልተስተካከለ ቅባት ካለ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል፣ ቤሪንጉ ያልቃል፣ ባለቤቱ "ይሄ ፋን የሰው አይን በላው" ይላል። ቀበቶውንም ያኔ እናያለን። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቁርስ የሚሰሩት ኩኮች ሲመጡ ሁሉ ነገር ቦታው ላይ መሆን አለበት፣ እሱ ነው ከባዱ።

ስለ ኬሚካል ትንሽ። ኮስቲክ ሶዳ ቅባት ይበላል፣ ገበያ ላይ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይጠቀማል። ሶዳውን ነው ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁት ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይፈነጠራል። ጓንትና መነፅር የግድ ነው፣ አይን ውስጥ የገባ ኮስቲክ ቀልድ አያውቅም። አልሙኒየም ፊልተር ላይ ደሞ እንዳታደርጉት፣ ሶዳው አልሙኒየሙን ራሱ ይበላዋል፣ ሲበላውም ሀይድሮጂን ይለቃል፣ እሱ ደሞ የሚቃጠል ጋዝ ነው። ጠዋት ፊልተሩ ጠቁሮ ተቦርቡሮ ታገኙታላችሁ። በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከሽንት ቤት ማፅጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያስወጣል፣ በር የተዘጋ ኪችን ውስጥ ይሄ ሰው ይገላል። ከሁሉ የባሰው ግን በነጭ ጋዝ ወይ በቤንዚን የሚወለውሉት ናቸው። እውነት ነው በደንብ ያበራል፣ ቅባቱም ቶሎ ይለቃል፣ ግን እሳት ፈርተህ ልታፀዳ የመጣህበትን ነገር ነዳጅ ቀብተኸው ነው የምትሄደው።

የታጠበው ውሃስ? ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ እኔ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ ዝግ ነው። ወደሱ የሄደ ነገር እዛው ይቀራል። ቅባትና ኮስቲክ ያለበት ውሃ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ከተደፋ ክረምት ሲመጣ የት እንደሚደርስ ለሀዋሳ ልጅ አይነገረውም፣ ከዛ ያንኑ ሐይቅ አሳ አውጥተን እንጠብሳለን። እኛ የተፋቀውን በጆንያ እናወጣለን፣ ውሃውን በርሜል ውስጥ አሳድረን ላዩ ላይ የረጋውን ቅባት እናነሳለን፣ ሆቴሉ የቅባት ማጥለያ ጉድጓድ ካለው ወደዛ ነው የሚሄደው። ጉድጓድ የሌለው ሆቴል ጋ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው፣ "ሁሉም እዚህ ነው የሚደፋው" ይሉሀል።

ስለ እሳት ማጥፊያ የምፅፈው ከሌላው ያጠረ ነው ግን በደንብ አንብቡት። ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ስር ይሰምጣል፣ እዛ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ 1 ሊትር ውሃ 1700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ያ ሁሉ የሚነድ ዘይት ይዞ ወደ ላይ ይፈነዳል። በየኪችኑ በር ላይ የተሰቀለው ቀዩ የዱቄት ማጥፊያም ለዘይት ሙሉ መልስ አይደለም፣ ነበልባሉን ይመታዋል ግን ዘይቱን አያቀዘቅዘውም፣ ስለዚህ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ በዛ ላይ ግፊቱ ዘይቱን ሊረጨው ይችላል። ለዘይት የተሰራው ዌት ኬሚካል የሚባለው ነው፣ አሜሪካኖቹ ክላስ ኬ አውሮፓውያኑ ክላስ ኤፍ ይሉታል፣ ውስጡ የፖታሲየም ጨው ነው፣ የጋለ ዘይት ሲያገኝ ላዩን ወደ ሳሙና አረፋ ይቀይረዋል፣ አረፋው አየር ይከለክላል ያቀዘቅዛልም። ሁድ ውስጥ በቱቦ ተዘርግቶ ራሱ የሚረጨውም ሲስተም በዚሁ ነው የሚሰራው። ድሮ በዱቄት የሚሰራ ነበር፣ ከሞራ ወደ አትክልት ዘይት ሲዞር ግን ዘይቱ የሚቀጣጠልበት ሙቀት ከፍ አለ፣ መጥበሻዎቹም ሙቀት ይዘው የሚቆዩ ሆኑ፣ አሮጌው ሲስተም አልበቃ አለ፣ በ1994 እንደ ፈረንጆቹ ዩኤል 300 የሚባለው አዲስ ፈተና የመጣው ለዚህ ነው። ይሄ ሲስተም ያላችሁ ትልልቅ ሆቴሎች በየ6 ወሩ ይፈተሽ፣ የመርጫው አፍ በቅባት ከተደፈነ የተገዛበት ብር ግድግዳ ላይ ነው የቀረው። ሲስተሙ የሌላችሁ ደግሞ፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው፣ ጋዙን ዝጉ፣ መጥበሻውን በክዳን ወይ በእሳት ብርድ ልብስ ክደኑ፣ አታንሱት አታንቀሳቅሱት፣ እስኪበርድ አትክፈቱት። ከድናችሁ ካልጠፋ ወይ ከሁዱ በላይ ድምፅ ከሰማችሁ ሰው አስወጡና የእሳት አደጋ ጥሩ፣ ጀግንነት ይቅር። የጋዝ መዝጊያው ደሞ ከምድጃው ጀርባ ከሆነ በነበልባል ላይ እጅ ዘርግቶ የሚዘጋው ማነው? በሩ አጠገብ አምጡት።

ሰው ቀጥራችሁ ስታሰሩ ምን ትጠይቁ? ፎቶ ጠይቁ፣ የሁዱን ሳይሆን የዳክቱን ውስጥና የፋኑን፣ ከመፀዳቱ በፊትና በኋላ። እኔ በቴሌግራም እልካለሁ። ከዛ ያልፀዳውን ቦታ በፅሁፍ ጠይቁ። ሁሌም እጅ የማይደርስበት ክርን፣ በር የሌለው ቀጥ ያለ ቱቦ ይኖራል፣ "መቶ ፐርሰንት ፀድቷል" ብሎ ማህተም የሚመታላችሁ ሰው ወይ አላየውም ወይ ዋሽቷችኋል። አንዱ ቤት ከእኛ በፊት የነበረው ልጅ ሰርተፍኬት ሰጥቶ ሄዷል፣ በፍሬም ተደርጎ ካሸሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ ጣራ ላይ ስንወጣ የፋኑ ብሎኖች ዝገው ተያይዘዋል፣ ከተገጠመ ጀምሮ ማንም አልከፈተውም።

ዋጋው ስንት ነው የምትሉኝ፣ ሳላይ አልናገርም፣ የዳክቱ ርዝመትና ቅባቱ ነው የሚወስነው። በደንብ የተያዘ ቤት ርካሽ ነው፣ አመት ሙሉ የተተወ ቤት ውድ ነው፣ ድርድርም አይሰራበትም ምክንያቱም የሚበላው የሰው ለሊት ነው።

መቼ ላሰራ ለምትሉ ደግሞ የሀዋሳ ኪችን የሚሄደው በራሱ ካላንደር ነው። ሁዳዴ ሲገባ ስጋው ይቆምና ግማሹ ሰው ወደ ሽሮ ግማሹ ወደ አሳ ይዞራል፣ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼ፣ መጥበሻው ግን 55 ቀን አይበርድም። ስለዚህ አንዱ ፅዳት ከፆሙ በፊት አንዱ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ታህሳስ 19 እና ሀምሌ 19 ለገብርኤል ንግስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ለፍቼ ጨምበላላም እንደዛው፣ ከነሱ በፊት ቢያንስ ፊልተርና ፋን አሳዩ። እና እባካችሁ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ፆሙ ሊገባ ሶስት ቀን ሲቀረው ነው ሀዋሳ በሙሉ የሚደውለው፣ እኛ ያለን መሰላል ደሞ ሁለት ነው።